በጥቂት ገንዘብ የቀጥታ ሥርጭት መሣሪያ ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዋዜማ፣ ከማሠራጫ ክበብ አባሎች በአንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ በክበቡ ስም ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዕድሜያችን ለጋ፣ ልምዳችንም የሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ባዩና ብዙ በሠሩ ሰዎች ፊት ቆመን ለመናገር መድፈራችን ያሳፍረናል። ነገር ግን ዛሬ የምንናገረው ይበልጡን ስለ ስሕተታችን ስለ ሆነ፣ በዚህ በኩል ከማንም የማናንስ ባለሙያዎች መሆናችንን ልንነግራችሁ እንችላለን።

ርእሳችን የቀጥታ ሥርጭት መሣሪያ አመራረጥ ነው። ይኸውም አንድ ተማሪ ወይም አንድ ትንሽ ክበብ፣ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይዞ፣ አንድን በዓል ወይም ስብሰባ በኢንተርኔት አማካይነት በዚያው ሰዓት ለሩቅ ሰው ለማሳየትና ለማሰማት ቢፈልግ፣ ምን ምን መግዛት፣ ምን ምን መዋስ፣ ምን ምንስ ለጊዜው መተው እንደሚገባው ለማስረዳት ነው።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዚህ ትምህርት ቤት ወላጅ ሁሉ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። አንዳንዱ በጅዳ፣ አንዳንዱ በቤይሩት፣ አንዳንዱ በዱባይ ለልጆቹ እንጀራ ይሠራል። ከእኛ በፊት በእነዚህ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው የተማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርትና በኢየሩሳሌም ይኖራሉ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በጀመረ ጊዜ፣ ሥዕልንና ድምፅን ወደ ሩቅ መስደድ ትልቅ ሕንፃ፣ ትልቅ ምሰሶና ብዙ መሐንዲስ የሚጠይቅ የመንግሥት ሥራ ነበር። ዛሬ ግን የዚያን ሥራ ከፊሉን በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ይሠራዋል። ነገሩ እንዲህ በመቅለሉ ደስ ሊለን ይገባል፤ ሆኖም የቀለለው መሣሪያው እንጂ አስተሳሰቡ አለመሆኑን በራሳችን ላይ አይተናል።

ባለፈው ዓመት የሽልማት ቀን ሲቃረብ፣ በክበባችን ሣጥን ውስጥ ከአባሎች መዋጮና ከሻይና ዳቦ ሽያጭ የተሰበሰበ ጥቂት ገንዘብ ነበር። ምን እንግዛ ብለን በመከርን ጊዜ ሁላችንም ባንድ ቃል «ካሜራ!» አልን። ከገንዘባችንም ከአሥሩ እጅ ሰባቱን አውጥተን አንድ ያገለገለ የፎቶግራፍ ካሜራ ገዛን። ካመጣነው በኋላ ግን ካሜራው በቀጥታ ከኮምፒውተር ጋር የማይግባባ ሆኖ ተገኘ። ሥዕሉን ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባ ሌላ ትንሽ መሣሪያ ያስፈልግ ነበርና የቀረውን ሦስት እጅ ለእርሱና ለሽቦው ከፈልን። ለማይክሮፎን አንዲት ሳንቲም አልተረፈችም። «ኮምፒውተሩ የራሱ ማይክሮፎን አለው» ብለን ራሳችንን አጽናናን።

በበዓሉ ቀን ኮምፒውተሩን ከአዳራሹ በስተኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ሥራ ጀመርን። ሥዕሉ በእውነት ያማረ ነበር። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ጓደኛችን በድርሰት ውድድር አንደኛ ወጥቶ ስለ ነበር ወደ መድረክ ወጥቶ ድርሰቱን አነበበ። እናቱ በጅዳ በሰው ቤት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ከልጃቸው ከተለዩ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያን ቀን አሠሪዎቻቸውን አስፈቅደው በስልካቸው ይከታተሉ ነበር። ማታ ለልጃቸው ደውለው፣ «ልጄ፣ ቁመትህን አየሁ፤ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ያልከውን ግን አንድም አልሰማሁ» አሉት። እርሱም «እማዬ፣ አሁን በስልክ ላንብብልሽ» ቢላቸው፣ «አንብብልኝ፤ ግን እንደዚያ አይሆንም» ብለው ዝም አሉ።

ታዲያ የሰሙት ምን ነበር? የሰሙት የወንበር መንቋቋት፣ የማራገቢያ ጩኸት፣ ከዚያም በላይ በኮምፒውተሩ አጠገብ የቆምነውን የእኛን ድምፅ ነበር። እኛም ልጁ በሚያነብበት ጊዜ ሁሉ እርስ በርሳችን «ሥዕሉ እንዴት ያምራል! እንዴት ያምራል!» እንባባል ነበር። ሥርጭቱ ተቀድቶ ስለ ነበር በማግሥቱ ከፍተን ይህንን በገዛ ጆሯችን ሰማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መሣሪያ ያለን አሳብ ተለወጠ።

በዚህ ዓመት እንደ ገና መዋጮ ስንሰበስብ፣ ገንዘቡ ከአምናው የሚበልጥ አልነበረም። አከፋፈሉን ግን እንዲህ አደረግነው። ከአሥሩ እጅ አራቱን ለድምፅ፣ ሁለቱን ለኢንተርኔት፣ ሁለቱን ለኤሌክትሪክ መጠባበቂያ፣ አንዱን ለስልክ ማቆሚያ መደብን፤ አንዱን እጅ ደግሞ ድንገት ለሚመጣ ጉዳይ በሣጥኑ ውስጥ አስቀረን። ለካሜራ የመደብነው ምንም ነው። አምና የገዛነውም ካሜራ ቢሆን ሥራ አልፈታም፤ በዚህ የዓመት መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎች ያነሣንበት እርሱ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱን በየተራው እናስረዳለን።

አንደኛው ድምፅ ነው። ድምፅ ከተናጋሪው አፍ እየራቀ በሄደ ቁጥር ይደክማል። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፣ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኀይል ወደ አራተኛ እጅ፣ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳል። በአዳራሹ ውስጥ የሞላው ጫጫታ ግን የትም ብንቆም ያው ነው። ስለዚህ ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል ርቆ የተያዘ ርካሽ ማይክሮፎን፣ አሥር ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ውድ ማይክሮፎን ይበልጣል። አምና ያጠፋነው ጥፋት በአንድ ቃል ይህ ነበር፤ ማይክሮፎናችን ለልጁ ሩቅ፣ ለእኛ ወሬ ግን ቅርብ ነበር።

ለጀማሪ የሚበቃው በልብስ ደረት ላይ በመቆንጠጫ የሚያያዝ ባለሽቦ ትንሽ ማይክሮፎን ነው። ሽቦ የሌለው ማይክሮፎን ለሚዘዋወር ሰው ምቹ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ዋጋው ይበልጣል፤ ባትሪውም በበዓሉ መካከል ሊያልቅ ይችላል። ባለሽቦው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከስልኩ በሚያገኘው ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ይሠራል።

በምትገዙበት ጊዜ መሰኪያውን አስተውላችሁ ተመልከቱ። ክብ መሰኪያ ያላቸው እነዚህ ማይክሮፎኖች ሁለት ዐይነት ናቸው። በመሰኪያው ላይ ሁለት የቀለበት መስመር ያለበት ለካሜራ የተሠራ ነው፤ ሦስት የቀለበት መስመር ያለበት ግን ለስልክ የተሠራ ነው። ባለሁለት መስመሩን በስልክ ላይ ብትሰኩት፣ ስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ የተሰካበት ስለሚመስለው በራሱ ማይክሮፎን መቅዳቱን ይቀጥላል፤ እናንተም ነገሩን ሳታውቁት ትቀራላችሁ። ክብ ቀዳዳ የሌላቸው አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ለማይክሮፎን የሚሆን አዳፕተር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ሥራ የምትሠሩበትን ስልክና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ቢላችሁም፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ማይክሮፎኑን ሰክታችሁ፣ ራሱን በጥፍራችሁ ጫር ጫር እያደረጋችሁ ቅዱ፤ ቀጥሎም አዳምጡት። የጥፍሩ ድምፅ ጎልቶ ከተሰማ ማይክሮፎኑ ይሠራል፤ የገበያው ጫጫታ ብቻ ከተሰማ ግን የሚቀዳው ስልኩ ራሱ ነው።

ተናጋሪዎች በሚፈራረቁበት በዓል ላይ፣ ማይክሮፎኑን ለእያንዳንዱ ሰው ማሰርና መፍታት አይቻልም። እኛ የአዳራሹ ማይክሮፎን በቆመበት ዘንግ ላይ የእኛን ትንሽ ማይክሮፎን በፕላስተር አጣብቀን እንተወዋለን፤ ሁሉም ወደዚያው ቀርቦ ስለሚናገር የሁሉም ድምፅ ይገባል። ስልኩ ከመድረኩ ጥቂት ሜትር ርቆ ስለሚቆም የማስረዘሚያ ሽቦ ገዛን፤ የሽቦውም ሁለት ጫፎች እንደ ማይክሮፎኑ ባለሦስት መስመር መሆን አለባቸው። ውጭ ሜዳ ላይ በምትሠሩበት ጊዜ ደግሞ ነፋሱ እንዳይጮህ በማይክሮፎኑ ራስ ላይ የስፖንጅ ቆብ አድርጉለት።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። ብዙ ሰው ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት በሚናገርበት ጊዜ የሚያስበው ከሩቅ ወደ እርሱ የሚመጣውን ነው። አሠራጭ የሚያስፈልገው ግን ከእርሱ ወደ ውጭ የሚሄደው ሲሆን፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከሚመጣው ያነሰ ነው። ስለዚህ ፍጥነት በምትለኩበት ጊዜ ሁለተኛውን ቁጥር ተመልከቱ።

ምን ያህል ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 720 መስመር ቁመት ያለው ሥዕል በሰኮንድ 2.5 ሜጋቢት ያህል ቢመደብለት በስልክ ለሚመለከት ሰው ደኅና ሆኖ ይታያል። አንድ ሰዓት 3,600 ሰኮንድ ስለ ሆነ፣ 2.5 በ3,600 ሲባዛ 9,000 ሜጋቢት ይሆናል፤ 8 ቢት 1 ባይት ነውና ለ8 ሲካፈል 1,125 ሜጋባይት ይወጣል። ለድምፁ በሰኮንድ 128 ኪሎቢት ብንመድብለት በሰዓት 58 ሜጋባይት ያህል ይጨመራል። ጠቅላላው በሰዓት 1,183 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ለሚፈጅ በዓልም 3 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ለሙከራና ለመጠባበቂያ ጭምር 5 ጊጋባይት መግዛት በቂ ነው። ሥዕሉን ወደ 1,080 መስመር ከፍ አድርገን በሰኮንድ 5 ሜጋቢት ብንመድብለት ግን የሥዕሉ ወጪ በእጥፍ ያድጋል።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ ነገር እንድታስተውሉልን እንለምናለን። ከሚሄደው ጭነት ሁሉ የድምፁ ድርሻ ከሃያው አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። እኒያ እናት በጅዳ ሳይሰሙት የቀሩት፣ ከሁሉ የቀለለውና ለመላክ ከሁሉ የረከሰው ነበር። ኢንተርኔቱ በደከመ ጊዜም ሥዕሉን ወደ 480 መስመር ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ድምፁን ግን አትንኩት።

ሁለት ምክር እንጨምር። የመጀመሪያው፣ ከለካችሁት ፍጥነት ከእኩሌታው በላይ አትጠቀሙ፤ 5 ሜጋቢት ከለካችሁ 2.5 ብቻ ላኩ። የምትለኩትም በዓሉ በሚደረግበት ቦታና በሚደረግበት ሰዓት ይሁን፤ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ሁሉ ስልኩን በከፈተ ጊዜ ፍጥነቱ እንደሚቀንስ አትርሱ። ሁለተኛው፣ መጠባበቂያ መስመር ያዙ። በአገራችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ስላለ፣ ሁለቱም በሚገኙበት ከተማ የሁለቱን ሲም ካርድ በሁለት ስልክ ይዞ አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው መዞር ይቻላል።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። መብራት በጠፋ ጊዜ የግድግዳው ዋይፋይም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በስልክና በሲም ካርድ መሥራት ለጀማሪ ይሻላል። ስልክ በቀጥታ ሲያሠራጭ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳልና ፓወር ባንክ ያስፈልጋል። በፓወር ባንክ ላይ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ቢጻፍ፣ ኤሌክትሪኩ ሲለወጥ የሚባክን ስላለ ወደ ስልኩ የሚደርሰው ከተጻፈው ሁለት ሦስተኛ ያህል መሆኑን ዕወቁ። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ማይክሮፎኑ በስልኩ የኤሌክትሪክ ቀዳዳ የሚሰካ ከሆነ፣ ፓወር ባንኩን የምትሰኩበት ሌላ ቀዳዳ አይኖርም። ለዚህ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚቀበል አዳፕተር አለ፤ አለዚያም ክብ ቀዳዳ ያለው አሮጌ ስልክ ፈልጉ። እኛ የተጠቀምንበት ከአንድ መምህራችን የተዋስነውን እንዲህ ያለ አሮጌ ስልክ ነው። ስልኩ እንዳይግልም ሽፋኑን አውልቁለት፤ ፀሐይም አታስመቱት፤ ስልክ ከመጠን በላይ የጋለ እንደ ሆነ ራሱን ያጠፋልና።

አራተኛው ማቆሚያና ብርሃን ነው። በእጅ የተያዘ ስልክ ይንቀጠቀጣል፤ የሚመለከተውንም ሰው ያዞረዋል። ባለሦስት እግር ማቆሚያ መግዛት መልካም ነው፤ በምትገዙበትም ጊዜ ዘርግታችሁ በጣት ነካ አድርጉት፤ ብዙ የሚወዛወዝ ከሆነ ተዉት። ገንዘብ ባይኖር ግን ሁለት ጠረጴዛ ደራርቦ ስልኩን በመጻሕፍት መካከል ማቆም ይቻላል። ለብርሃን እኛ ምንም አልገዛንም። ተናጋሪው ጀርባውን ወደ መስኮት ከሰጠ ፊቱ ይጨልማል፤ ፊቱን ወደ መስኮት ካዞረ ግን ፀሐይ በነፃ ታበራለታለች። መናገሪያውን ጠረጴዛ ጥቂት እርምጃ ብቻ በማዘዋወራችን ያገኘነው ለውጥ አስደንቆናል። በማታ ደግሞ ረጃጅሞቹ የፍሎረሰንት መብራቶች በሥዕሉ ላይ የሚወርድ የጥላ መስመር ያመጣሉ። የዚህም ምክንያት የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ መብራቱ በሰኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ማለቱ ነው። በስልኩ ካሜራ ማስተካከያ ውስጥ 50 ኸርትዝ የሚል ምርጫ ካለ እርሱን ብትመርጡ መስመሩ ይጠፋል።

አምስተኛው፣ ብዙ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው፣ ካሜራው ነው። ስለ እርሱ የምንናገረው አጭር ነው። ያላችሁ ስልክ ይበቃል። በጀርባው በኩል ያለው ካሜራ ከፊተኛው ስለሚበልጥ በእርሱ ሥሩ፤ መስተዋቱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ስልኩን አግድም አቁሙት። ሥዕሉን በጣት እየዘረጋችሁ ከማቅረብ ይልቅ ማቆሚያውን ወደ መድረኩ አቅርቡት፤ በጣት የቀረበ ሥዕል ይደበዝዛልና። በሥርጭት መካከል ስልክ ተደውሎ ሥራው እንዳይቋረጥ ጥሪውን ዝጉት፤ የምትሠሩበትም ቁጥር ማንም የማይደውልበት ቁጥር ቢሆን ይመረጣል።

ኮምፒውተርስ አያስፈልግምን? ሁለት ካሜራ ማፈራረቅ ወይም በሥዕሉ ላይ ጽሕፈት ማኖር ስትፈልጉ ያስፈልጋል። ለዚህም ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለው፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚታደል ፕሮግራም አለ። ጀማሪ ግን በስልክ ብቻ ቢጀምር ይሻለዋል፤ መሣሪያ በበዛ ቁጥር የሚበላሸውም ይበዛል።

ሥርጭቱ የሚወጣበትን መንገድ በተመለከተ፣ ዩቲዩብ በስልክ በቀጥታ ለማሠራጨት ቢያንስ 50 ተከታይ እንዲኖር ይጠይቃል፤ በኮምፒውተር ለሚሠራ ግን ይህን አይጠይቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ሲጠየቅ እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቅ ስለሚችል፣ በበዓሉ ጧት ከመጀመር ተጠንቀቁ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን እንዳያሠራጭ ተደንግጓል፤ ስለዚህ ታናናሾቻችን ከመምህር ጋር ይሥሩ። በቴሌግራም ቻናል ማሠራጨትም ይቻላል። ሆኖም በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ በኢንተርኔት መነጋገር የተገደበ ስለ ሆነ፣ በዚያ ያሉትን ዘመዶች የትኛው እንደሚከፈትላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰዓታቸውንም አስቡ። በጅዳ ሰዓቱ እንደ እኛው ነው፤ በዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። እኛ ከጧቱ 3 ሰዓት ስንጀምር ግን በዋሽንግተን በበጋቸው ወራት ገና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሥርጭቱ ተቀድቶ እንዲቀመጥ አድርጉ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ፈቃድ ጠይቁ። የልጅ ፊት የሚታየው ወላጁ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ዩቲዩብም አድራሻው የተላከለት ሰው ብቻ የሚያየው ሥርጭት ለማድረግ ያስችላል። የተቀዳ ዘፈን ከማሰማትም ተቆጠቡ፤ ባለመብቱ ሥርጭቱን ሊያስቆመው ይችላልና።

አሁን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ርካሽ ወደ ሆነው እንመጣለን። ይኸውም አንድ አድማጭ ነው። ከአባሎቻችን አንዱን ሌላ ስልክና የጆሮ ማዳመጫ አስይዘን፣ ከአዳራሹ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር እናስቀምጠዋለን። ሥራው እንደ ሩቅ ዘመድ ሆኖ መስማት ብቻ ነው። ሥርጭቱ ወደ እርሱ የሚደርሰው ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ ስለ ሆነ ታግሦ ያዳምጣል፤ ድምፅ ሲጠፋ ሮጦ ይመጣል። አምና አንድ እንዲህ ያለ ሰው አድርገን ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጥቶ «እናንተ ዝም በሉ!» ይለን ነበር። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልከፈልንም፤ ነገር ግን በዓሉን በዓይኑ ሳያይ የሚቀረው እርሱ ስለ ሆነ በየተራ እንቀመጣለን።

በሚያዝያ ወር እነዚህን ሁሉ ለመሞከር የአሥረኛ ክፍልን ክርክር አሠራጨን። አርእስቱ የተለመደው «ከዕውቀትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል» የሚለው ነበር። ያ አምና ድርሰቱን ያነበበው ጓደኛችን ከዕውቀት ወገን ቆመ። ምሽት ስለ ነበር ብርሃኑ ደካማ፣ ሥዕሉም ድንግዝግዝ ያለ ነበር፤ ኢንተርኔቱ በመድከሙም ወደ 480 መስመር አወረድነው። አንዳንዶቻችን እንደ አምናው ልናፍር ነው ብለን ሰግተን ነበር። ከዛፉ ሥር የተቀመጠው ልጅ ግን ሮጦ አልመጣም።

ማታ እናቱ ደወሉ። ጓደኛችን በማግሥቱ እንደ ነገረን ስለ ሥዕሉ ምንም አላነሡም። የተናገሩት ይህ ነበር፤ «በስልክ ሁልጊዜ እሰማሃለሁ፤ ሰው ሲሰማህ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ተናግረህ ስትጨርስ ያጨበጨቡት ስንት ናቸው?» እርሱም «አልቆጠርኳቸውም እማዬ፤ አዳራሹ ሙሉ ነበር» አላቸው።

እንግዲህ ክቡራን ወላጆችና ውድ ጓደኞች፤ በሁለት ዓመት የተማርነው ይህ ነው። መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት በዚያ በሩቁ ወገን ያለውን ሰው አስቡ። እርሱ የሚፈልገው ከቤቱ የቀረበትን ነገር ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ለድምፅ፣ ቀጥሎ ለመስመርና ለኤሌክትሪክ፣ ከዚያም ለማቆሚያ ክፈሉ። ካሜራውን ገንዘብ ሲገኝ ትደርሱበታላችሁ።

የዘንድሮ ተመራቂዎች ስለ ሆንን ሣጥኑን ለታናናሾቻችን እናስረክባለን። በውስጡ አንድ ባለሽቦ ማይክሮፎን፣ አንድ የማስረዘሚያ ሽቦ፣ አንድ ማቆሚያ፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ ሁለት ሲም ካርድ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና የሥራችን ማስታወሻ ደብተር ይገኛል። ካሜራውንም አብረን እናስረክባለን፤ ነገር ግን ስለ ውበቱ የምትነጋገሩት ሥርጭቱ ካለቀ በኋላ እንዲሆን አደራ እንላለን።

ነገ የምሥረታ በዓላችንን እናሠራጫለን። ከዛፉ ሥር የሚቀመጠው ተራኛም ተመርጧል። በሩቅ ላላችሁ ዘመዶቻችን ሁሉ፣ ነገ ጧት በ3 ሰዓት እንጠብቃችኋለን።